የሊኑክስ ከርነል ሎግ በአንድ መልእክት ሲጥለቀለቅ፦ ድግግሞሹን ከኮዱ ውስጥ የመቀነሻ ዝርዝር መመሪያ

ብዙ ሰው ይህን ሥራ የሚጀምረው ከመጨረሻው ነው። አንድ ድራይቨር (ሃርድዌርን የሚያንቀሳቅስ የከርነል ኮድ) ሎጉን በአንድ መስመር ሲያጥለቀልቀው ያያል፤ ኮዱን ይከፍታል፤ በማተሚያ ፈንክሽኑ ስም ጫፍ ላይ የመልእክቱን ብዛት በጊዜ የምትገድበውን «_ሬትሊሚትድ» የምትባል ቅጥያ ይለጥፋል፤ ኮምፓይል አድርጎ ተገላገልኩ ይላል። ሎጉ ግን በማግስቱም ሞልቶ ያድራል።

ምክንያቱን በቁጥር እዩት። በየ100 ሚሊሰከንዱ የሙቀት ዳሳሽ የሚያነብ ድራይቨር አለ እንበል፤ ዳሳሹ ከማሽኑ ጋር ከሚያገናኘው የአይቱሲ መስመር ተነቅሏል። በእያንዳንዱ ንባብ አንድ የስህተት መስመር ቢጻፍ በቀን 864,000 መስመር ይሆናል። የከርነሉ ነባሪ ገደብ በ5 ሰከንድ 10 መልእክት ነው። ስለዚህ ከ«ጥገናው» በኋላም በቀን 172,800 መስመር ይቀራል፤ ከርነሉ ራሱ «ይህን ያህል ታፍኗል» እያለ የሚጨምረው ማስታወቂያ ሳይቆጠር። ገደቡ ሥራውን በትክክል ሠርቷል። ችግሩ ለዚህ በሽታ የታዘዘ መድኃኒት አለመሆኑ ነው።

ከዚህ በታች ያለው ቅደም ተከተል ይህንኑ ዳሳሽ ይዞ ይሄዳል። ደረጃዎቹን አታዛንፉ፤ በተለይ ደረጃ 3ን ዘላችሁ ወደ ደረጃ 4 አትሂዱ።

ስለ ስሞቹ፦ የፈንክሽንና የትእዛዝ ስሞች እዚህ በድምፃቸው ተጽፈዋል። በኮዱ ውስጥ በላቲን ፊደል ይጻፋሉ፤ የታች ሰረዙ ባለበት ይቀመጣል። «ፒአር_ኤር» እና «ዴቭ_ኤር» ውስጥ ያለችው «ኤር» በኮዱ ሦስት ፊደል ናት፤ «አር» ትደገማለች።

## ዝግጅት

1. በማሽኑ ላይ የሚሠራውን የከርነል ስሪት ኮድ አውርዱ። ከጎኑ የቅርቡን ዋና ኮድም ያዙ፤ መልእክቱ እዚያ ቀድሞ ተስተካክሎ ከሆነ የሚጠበቅባችሁ ያንን ፓች (የኮድ ለውጥ) ወደ ራሳችሁ ስሪት ማምጣት ብቻ ነው።

2. የሙከራ ማሽን አዘጋጁ። ለአብዛኛው ሥራ በኪውኢሙ ላይ የሚነሳ ምናባዊ ማሽን ይበቃል። አገልግሎት በሚሰጥ ሰርቨር ላይ የሎግ ኮድ አትሞክሩ።

3. በሙከራው ከርነል ውቅር ላይ «ኮንፊግ_ዳይናሚክ_ዲባግ» እና «ኮንፊግ_ዲባግ_ኤፍኤስ» መከፈታቸውን አረጋግጡ። ሁለቱም ወደ ኋላ ያስፈልጋሉ።

4. ስህተቱን በፈለጋችሁት ሰዓት የምታስነሱበት መንገድ አብጁ። ቀላሉ ለድራይቨሩ ጊዜያዊ የሞጁል ፓራሜትር መጨመር ነው፦ ፓራሜትሩ 1 ሲሆን የንባብ ፈንክሽኑ ሃርድዌሩን ሳይነካ የስህተት ኮድ ይመልስ። ይህ ሳይኖራችሁ አትጀምሩ፤ እንደገና ልታስነሱት የማትችሉትን ድግግሞሽ መቀነሳችሁን ማረጋገጥ አትችሉም።

5. መልእክቱ በእርግጥ ከከርነሉ የመጣ መሆኑን አጣሩ። የከርነሉን ሎግ የሚያሳየውን ትእዛዝ፣ ዲሜስግን፣ በ«ኤክስ» አማራጭ ብታስኬዱት በእያንዳንዱ መስመር ፊት ምንጩንና ክብደቱን ያሳያል። ምንጩ «ከርን» ካልሆነ፣ አንድ ተራ ፕሮግራም በ«/ዴቭ/ኬመስግ» በኩል እየጻፈ ነው፤ የከርነል ኮድ ብትቀይሩ ምንም አይለወጥም። ለዚያ «ከርነል.ፕሪንትኬ_ዴቭኬመስግ» የተባለውን የሲስከትል ቅንብር (ከርነሉ እየሠራ የሚቀየር) እዩ፤ «ኦን»፣ «ኦፍ» ወይም «ሬትሊሚት» ይቀበላል።

## ደረጃ 1፦ መቁጠርና ቦታውን ማግኘት

ዓይናችሁን አትመኑ። ከፊታችሁ የሚንከባለለው መስመር ሁልጊዜ ዋናው አጥፊ አይደለም።

1. ዲሜስግን በትንሹ «ቲ» አማራጭ አስኪዱ፤ የሰዓት ማህተሙ ይወገዳል። ውጤቱን ወደ «ሶርት»፣ ከዚያ ወደ «ዩኒክ» ከነመቁጠሪያው፣ በመጨረሻም ወደ ሌላ «ሶርት» በቁጥር ቅደም ተከተል፣ ከትልቁ ወደ ትንሹ፣ አስተላልፉ። የመጀመሪያዎቹ አሥር መስመሮች የሥራ ዝርዝራችሁ ናቸው።

2. በመስመሮቹ ውስጥ የሚለዋወጥ አድራሻ ወይም የሬጅስተር ዋጋ ካለ ቆጠራው ይበተናል፤ አንዱ መልእክት ሺህ የተለያየ መልእክት መስሎ ይታያል። ከመደርደራችሁ በፊት ቁጥሮቹን በ«ሴድ» ወደ አንድ ምልክት ቀይሩ። አድራሻዎች አብዛኛውን ጊዜ ሄክሳዴሲማል ስለሆኑ ከ«ኤ» እስከ «ኤፍ» ያሉትንም ፊደሎች አትርሱ።

3. «ኮልባክስ ሰፕረስድ» የሚሉትን መስመሮች ለብቻ አውጡ። እያንዳንዳቸው የፈንክሽን ስምና የታፈነ መልእክት ብዛት ይዘዋል። ይህ ብዛት በ«ዩኒክ» ቆጠራ ውስጥ አይገባም፤ እናንተ ደምሩት።

ቆጠራው አነስተኛ ሆኖ ከተገኘ፦ የከርነሉ ሎግ ባፈር ክብ ነው፤ ሲሞላ አሮጌውን ይደመስሳል። በከርነሉ ነባሪ ውቅር መጠኑ 128 ኪሎባይት ነው፤ ጎርፉ በደቂቃ ውስጥ የቀደመውን ሊያጠፋው ይችላል። «ሎግ_ባፍ_ሌን» በሚለው የማስነሻ ፓራሜትር ወደ 4 ሜጋባይት አሳድጉና ድገሙት፤ ወይም በጆርናልከትል የ«ኬ» አማራጭ ከዲስክ አንብቡ።

4. አሁን መስመሩ በኮዱ ውስጥ የት እንዳለ ፈልጉ። በ«ጊት ግረፕ» የምትፈልጉት ከመልእክቱ የማይለወጠውን ክፍል ብቻ ይሁን። ከፊት ያለውን ቅድመ ቅጥያ አታስገቡ፤ የመሣሪያው ስም በ«ዴቭ_ኤር» ቤተሰብ ይጨመራል፣ የሞጁሉ ስም ደግሞ ብዙ ጊዜ ከ«ፒአር_ኤፍኤምቲ» ማክሮ ይመጣል። ሁለቱም በዓረፍተ ነገሩ ውስጥ አልተጻፉም።

ካልተገኘ፦ አረፍተ ነገሩ በሁለት መስመር ተሰብሮ ተጽፎ ይሆናል። ሁለት ሦስት ቃል ብቻ ይዛችሁ ፈልጉ። ቦታው ተገኝቶ ማን እንደሚጠራው ካልታወቀ፣ በትልልቅ ፊደል የሚጻፈውን «ዋርን_ኦን_ዋንስ» ለጊዜው አጠገቡ አስቀምጡ፤ የጥሪውን ሰንሰለት አንድ ጊዜ ብቻ ያትማል። «ደምፕ_ስታክ»ን እዚያ አታስገቡ፤ ጎርፉን በሃያ ያባዛዋል።

## ደረጃ 2፦ ማሽኑን ማስተንፈስ

ይህ ደረጃ የሚያስፈልገው ማሽኑ አሁን እየታፈነ ከሆነ ብቻ ነው። ካልሆነ እለፉት።

ከባዱ ወጪ ባፈሩ ውስጥ መጻፉ ሳይሆን ወደ ኮንሶል መውጣቱ ነው። በ115,200 ቦድ የሚሠራ ሲሪያል ኮንሶል በሰከንድ ወደ 11,520 ፊደል ብቻ ያስተላልፋል። የ80 ፊደል መስመር 7 ሚሊሰከንድ ገደማ ይወስዳል፤ ሺህ መስመር 7 ሰከንድ። ይህ ኢንተረፕት ወይም ሥራ መቀያየር ተዘግቶ ባለበት ቦታ ሲሆን ሲፒዩው ታግቶ ይቆያል፤ «ሶፍት ሎክአፕ» የሚለው ማስጠንቀቂያ ነባሪው ጣሪያ 20 ሰከንድ ነውና ጎርፉ በራሱ ሌላ ጎርፍ ይወልዳል።

የኮንሶሉን ጣሪያ ዝቅ አድርጉ፦ ዲሜስግን በ«ኤን» አማራጭ ከ4 ጋር አስኪዱ። ከዚያ በኋላ ወደ ኮንሶል የሚወጡት ክብደታቸው ከ4 በታች የሆኑት፣ ማለትም ከ0 እስከ 3 ያሉት ብቻ ናቸው። በሊኑክስ 0 እጅግ አስጊው፣ 3 ስህተት፣ 4 ማስጠንቀቂያ፣ 6 መረጃ፣ 7 ለማረሚያ የሚጻፈው ነው። አጥፊው መልእክት ራሱ 3 ከሆነ ጣሪያውን ወደ 3 አውርዱት።

ጥንቃቄ፦ ይህ ኮንሶሉን ብቻ ነው ዝም የሚያሰኘው። ባፈሩም ዲስኩም እየሞሉ ይቀጥላሉ። ጩኸቱ ስለጠፋ ችግሩ ጠፋ ብላችሁ አትተኙ፤ ብዙ ሰው ሥራውን እዚህ ላይ ትቶት ይሄዳል።

## ደረጃ 3፦ ድግግሞሹ የትኛው ዓይነት ነው?

የመድኃኒት ምርጫው ሁሉ ከዚህ መልስ ይወጣል። እያንዳንዱን አጥፊ መስመር ያዙና በዚህ ቅደም ተከተል ጠይቁ፤ መጀመሪያ «አዎ» ባላችሁበት ቁሙ።

1. ይህንኑ ስህተት ሌላ ኮድ አስቀድሞ ነግሮናል? የማህደረ ትውስታ ጥያቄ ሲከሽፍ ከርነሉ ራሱ ይናገራል። «ፕላትፎርም_ጌት_አይአርኪው» ከ5.4 ስሪት ጀምሮ ስህተቱን ራሱ ያትማል፤ «ዴቭም_አይኦሪማፕ_ሪሶርስ»ም እንዲሁ። መልሱ አዎ ከሆነ መስመሩን ሰርዙት፤ ወደ 4.1 ሂዱ።

2. መሣሪያው ሲነሳ፣ የሚፈልገው ሌላ መሣሪያ ገና ስላልተዘጋጀ የሚመጣ ነው? የስህተቱ ኮድ 517 ተቀንሶ ከሆነ አዎ ነው። ወደ 4.2 ሂዱ።

3. ጸሐፊው ኮዱን ሲያርም የተጠቀመበት ምልክት ነው? «ወደዚህ ፈንክሽን ገባሁ»፣ «ዋጋው ይህ ነው» የሚሉ። ወደ 4.3።

4. አንዴ ከታወቀ የማይለወጥ እውነት ነው? ፈርምዌሩ አሮጌ ነው፣ ይህ ሃርድዌር ያንን ባህሪ አይደግፍም፣ ጊዜው ያለፈበት ጥሪ ተጠቅማችኋል። ወደ 4.4።

5. የሚቆይ ሁኔታ ነው? ዳሳሹ ተነቅሏል፣ ገመዱ ወልቋል፣ ኃይል የለም። ወደ 4.5። የእኛ ዳሳሽ ያለው እዚህ ነው፤ በልምድ የማየው አብዛኛው ጎርፍም እዚህ ያድራል።

6. ከውጭ በሚመጣ ድርጊት የሚነሳ፣ እያንዳንዱ ክስተት ለብቻው አዲስ የሆነ ነው? የተበላሸ ፓኬት፣ ከተጠቃሚ ፕሮግራም የመጣ የተሳሳተ ጥያቄ። ወደ 4.6። ተራ ተጠቃሚ እንደፈለገ ሊያስነሳው የሚችል መልእክት ያለ ገደብ መተው የደህንነት ጉዳይም ነው፤ አንድ ሰው ሆነ ብሎ ሎጉን ሞልቶ የራሱን አሻራ ሊደመስስ ይችላል።

ከዚህ ዝርዝር ውጭ የሚቀሩ አሉ፦ የከርነል ኡፕስ (የከርነሉ የራሱ ብልሽት ሪፖርት)፣ የማህደረ ትውስታና የፕሮሰሰር ሃርድዌር ስህተት፣ የፋይል ሥርዓት መበላሸት። እነዚህን አትንኩ። ቢደጋገሙም ይደጋገሙ፤ መንስኤውን ፈልጉ።

## ደረጃ 4፦ መድኃኒቱን መስጠት

### 4.1 መሰረዝ

መስመሩን ስታወጡ የስህተት ኮዱን መመለሱን አታውጡ። በዙሪያው የነበሩት ቅንፎች አንድ መስመር ብቻ ከያዙ የከርነሉ አጻጻፍ ቅንፎቹን እንድታነሱ ይፈልጋል። ሌላ የሚባል የለም፤ ከሁሉም የተሻለው መድኃኒት ይህ ነው።

### 4.2 የመነሻ ጊዜ መልእክት

ከ5.9 ስሪት ጀምሮ «ዴቭ_ኤር_ፕሮብ» አለ። መሣሪያውን፣ የስህተት ኮዱንና መልእክቱን ይቀበላል፤ ኮዱ 517 ተቀንሶ ከሆነ በማረሚያ ክብደት ብቻ ይጽፍና ምክንያቱን በ«/ሲስ/ከርነል/ዲባግ/ዲቫይስስ_ዲፈርድ» ውስጥ ያስቀምጣል፤ ሌላ ስህተት ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ እንደ ተራ ስህተት ያትማል። የተቀበለውን ኮድ መልሶ ስለሚሰጥ ማተሙንና መመለሱን በአንድ መስመር ጻፉት።

ጥንቃቄ፦ ከመነሻ ፈንክሽኑ መንገድ ውጭ አትጠቀሙበት። በንባብ ወይም በኢንተረፕት ኮድ ውስጥ ቦታው አይደለም።

### 4.3 ወደ ማረሚያ ክብደት ማውረድ

«ፒአር_ኢንፎ»ን ወደ «ፒአር_ዲባግ»፣ «ዴቭ_ኢንፎ»ን ወደ «ዴቭ_ዲቢጂ» ቀይሩ። ዳይናሚክ ዲባግ ባለበት ከርነል ላይ እነዚህ በነባሪ ዝም ይላሉ፤ በተፈለገ ጊዜ «/ፕሮክ/ዳይናሚክ_ዲባግ/ኮንትሮል» ውስጥ የሞጁሉን ስም ከ«+ፒ» ጋር በመጻፍ ማሽኑን እንደገና ሳታስነሱ ይከፈታሉ።

እውነተኛ ስህተትን ግን ዝም ለማሰኘት ብላችሁ ወደዚህ አታውርዱ። የዳሳሹን መነቀል በማረሚያ ክብደት የጻፈ ሰው ጎርፉን አስቀርቷል፤ ዳሳሹ መነቀሉንም አብሮ ደብቋል።

ካልታየ፦ መልእክቱን ከፍታችሁም የማይወጣ ከሆነ በመጀመሪያ የኮንሶሉን ሳይሆን የዲሜስግን ውጤት እዩ፤ ክብደት 7 ብዙ ጊዜ ወደ ኮንሶል አይወጣም።

### 4.4 አንድ ጊዜ ብቻ

የ«_ዋንስ» ቅጥያ ያላቸውን ተጠቀሙ፦ «ፒአር_ዋርን_ዋንስ»፣ «ዴቭ_ዋርን_ዋንስ»። ሦስት ወጥመዶች አሏቸው።

ማስታወሻው የሚያዘው በኮዱ ውስጥ ለተጻፈበት ቦታ እንጂ ለመሣሪያው አይደለም። «ዴቭ_ዋርን_ዋንስ» የመሣሪያ ስም ስለሚቀበል ለእያንዳንዱ መሣሪያ አንድ ጊዜ የሚያትም ይመስላል፤ አይደለም። በማሽኑ ላይ አራት ተመሳሳይ ካርዶች ካሉ የመጀመሪያው ይናገራል፣ ሦስቱ ለዘላለም ዝም ይላሉ። መልእክቱ ለእያንዳንዱ ካርድ የሚያስፈልግ ከሆነ በመሣሪያው የግል መዋቅር ውስጥ የራሳችሁን ምልክት ያዙ።

ሁለተኛው፣ በሄደር ፋይል ውስጥ ባለ ኢንላይን ፈንክሽን ውስጥ ካስቀመጣችሁት፣ ሄደሩን የሚጠራ እያንዳንዱ የሲ ፋይል የራሱ ቅጂ ይኖረዋል። «አንድ ጊዜ» የተባለው ሠላሳ ጊዜ ቢወጣ አትደነቁ። ፈንክሽኑን ወደ ሲ ፋይል አውጡት።

ሦስተኛው፣ መልእክቱ ማሽኑ በተነሳበት ቀን ታትሞ ከባፈሩ ተደምስሶ ሊሆን ይችላል። ለሚቆይ ብልሽት «_ዋንስ» የማይሆነው ለዚህ ነው፦ ከስድስት ወር በኋላ ሎጉን የሚከፍተው ባለሙያ ምንም አያገኝም።

### 4.5 ሁኔታው ሲለወጥ ብቻ መናገር

ሌሊቱን ሙሉ የሚጮህ ውሻ ሌባ ሲመጣ ማን ይሰማዋል? ለሚቆይ ሁኔታ የሚያስፈልገው ሁለት መልእክት ነው፦ ሲበላሽና ሲድን።

1. በመሣሪያው የግል መዋቅር ውስጥ «ላስት_ኤር» የሚባል የኢንቲጀር መስክ ጨምሩ። መጀመሪያ ላይ 0 ይሁን። እውነት ወይም ሐሰት ብቻ የሚይዝ ምልክት አልመርጥም፤ የስህተቱ ኮድ መለወጡ ራሱ ዜና ነው። ትናንት «መሣሪያው አይመልስም» ሲል የነበረው ዛሬ «ጊዜው አለፈ» ካለ ባለሙያው ማወቅ አለበት።

2. ያልተሳኩ ንባቦችን የሚቆጥር ሁለተኛ መስክ ጨምሩ።

3. ንባቡ ሲከሽፍ ቆጣሪውን ከፍ አድርጉ። የአሁኑን ኮድ ከ«ላስት_ኤር» ጋር አወዳድሩ፤ ከተለያዩ ብቻ በ«ዴቭ_ኤር» አትሙና «ላስት_ኤር»ን አድሱ።

4. ንባቡ ሲሳካ «ላስት_ኤር» 0 ካልሆነ፣ «ንባቡ ተመልሷል፣ ይህን ያህል ንባብ ከሽፎ ነበር» የሚል አንድ መስመር በ«ዴቭ_ኢንፎ» አትሙ፤ ሁለቱንም መስኮች ወደ 0 መልሱ።

5. በመልእክቱ ውስጥ የስህተቱን ቁጥር ሳይሆን ስሙን ማውጣት ከፈለጋችሁ «ፐርሰንት ፒኢ» የተባለውን ፎርማት ከ«ኤር_ፒቲአር» ጋር ተጠቀሙ፤ ከ5.5 ስሪት ጀምሮ አለ።

በቀን 864,000 የነበረው መስመር ዳሳሹ እስኪመለስ ድረስ ወደ አንድ ወረደ።

ብዙ ክሮች አንድ ጊዜ የሚያነቡ ከሆነ፦ ሁለቱም አሮጌውን ዋጋ አይተው ሁለቱም ሊያትሙ ይችላሉ። ንባቡ ቀድሞ በሎክ የተጠበቀ ከሆነ ማወዳደሩን በዚያው ሎክ ውስጥ አድርጉት። ለዚህ ብቻ ብላችሁ አዲስ ሎክ አትፍጠሩ፤ አንድ ትርፍ መስመር ከአንድ ትርፍ ሎክ ይረክሳል።

ገመዱ ላልቶ ከሆነ፦ ዳሳሹ በሰከንድ ብዙ ጊዜ ጠፍቶ የሚመለስ ከሆነ «ሲለወጥ ብቻ» የሚለው ራሱ ጎርፍ ይሆናል። ስህተቱ በተከታታይ አምስት ጊዜ ያህል ሳይደጋገም አትናገሩ፤ ለመዳኑም ተመሳሳይ መስፈርት አድርጉ። ሁለት የስህተት ኮዶች የሚፈራረቁ ከሆነ ደግሞ ይህንን ከ4.6 ጋር፣ ለእያንዳንዱ መሣሪያ ከሚያዝ ገደብ ጋር፣ አጣምሩ።

### 4.6 ገደብ ማበጀት

እዚህ የደረሰ መልእክት በእርግጥ «_ሬትሊሚትድ» ይገባዋል። ግን ዝግጁውን ማክሮ ከመለጠፋችሁ በፊት የሚሠራበትን እወቁ፦ በተጻፈበት ቦታ ስውር የገደብ መዋቅር ይፈጥራል፣ በ5 ሰከንድ 10 ያሳልፋል፣ የተቀረውን ይቆጥራል። የታፈነው ብዛት የሚታተመው ጊዜው ካለፈ በኋላ ቀጣዩ መልእክት ሲመጣ ነው፤ ጎርፉ ጠዋት ቆሞ ቀጣዩ ስህተት ማታ ቢመጣ ቁጥሩ ማታ ይወጣል። የሎግ ሰዓት እያነበባችሁ ስትመረምሩ ይህ እንዳያሳስታችሁ።

ለአንድ ብቸኛ መስመር ዝግጁው ማክሮ ይበቃል። በሚከተሉት ሁለት ሁኔታዎች ግን መዋቅሩን ራሳችሁ አዘጋጁ።

አብረው የሚነበቡ ብዙ መስመሮች ሲኖሩ። እያንዳንዱን መስመር ለየብቻ ብትገድቡ እያንዳንዱ የራሱ ቆጣሪ አለው፤ ራሱ የተቆረጠ ወይም ጅራቱ የጠፋ መልእክት ሊወጣ ይችላል። በትልልቅ ፊደል በሚጻፈው «ዲፋይን_ሬትሊሚት_ስቴት» አንድ መዋቅር ፍጠሩ፤ «__ሬትሊሚት» 1 ሲመልስ ብቻ ሁሉንም መስመሮች ገደብ በሌላቸው ተራ ማተሚያዎች አትሙ።

ብዙ መሣሪያዎች አንድ ኮድ ሲጋሩ። ስውሩ መዋቅር የጋራ ነው። አንድ የተበላሸ መሣሪያ አሥሩን ፈቃድ ይበላና የጎረቤቱን አዲስ ስህተት ያፍናል። በመሣሪያው የግል መዋቅር ውስጥ «ስትራክት ሬትሊሚት_ስቴት» አስገቡ፤ በመነሻ ፈንክሽኑ ውስጥ በ«ሬትሊሚት_ስቴት_ኢኒት» አዘጋጁት፤ በማተሚያው ቦታ የዚያን መሣሪያ መዋቅር ለ«__ሬትሊሚት» ስጡ።

አሁን ሥራውን የሚያበላሹት፦

- ጊዜው የሚለካው በጂፊ (በከርነሉ የሰዓት ምት) ነው። 5 ሰከንድ ለማለት 5 በ«ኤችዜድ» (በሰከንድ ባለው የጂፊ ብዛት) አባዙ። 5 ብቻ ከጻፋችሁ፣ ኤችዜድ 250 በሆነበት ከርነል ላይ ጊዜው 20 ሚሊሰከንድ ይሆናል፤ ገደቡ አለ፣ ሥራው ግን የለም። ኮምፓይለሩ አያስጠነቅቃችሁም።

- በፈንክሽን ውስጥ መዋቅሩን ስትፈጥሩ «ስታቲክ» የሚለውን ቃል ከፊቱ አትርሱ። ከረሳችሁት በእያንዳንዱ ጥሪ እንደ አዲስ ይወለዳል፤ ሁልጊዜም «አትም» ይላል።

- በማተሚያው የ«ኢፍ» መስፈርት ውስጥ ስህተት መኖሩን መጀመሪያ፣ «__ሬትሊሚት»ን ቀጥሎ ጠይቁ። ከተገለበጠ የተሳካውም ንባብ ፈቃድ ይበላል፤ ምንም ሳይበላሽ «ኮልባክስ ሰፕረስድ» ማየት ትጀምራላችሁ።

- «ፒአር_ዲባግ»ን በ«__ሬትሊሚት» አትሸፍኑ። ማረሚያው ተዘግቶ እያለ ቆጠራው ይቀጥልና የመታፈን ማስታወቂያው ብቻውን ሎጉን ይሞላል። «ፒአር_ዲባግ_ሬትሊሚትድ» መጀመሪያ ማረሚያው መከፈቱን ስለሚያይ እሱን ተጠቀሙ።

- አሮጌውን «ፕሪንትኬ_ሬትሊሚት» ካገኛችሁ ቀይሩት። አንዱን ቆጣሪ በመላው ከርነል ያሉ የማይገናኙ ኮዶች ይጋሩታል። የፓች አጻጻፍ የሚፈትሸው ቼክፓችም ይህንኑ ይነግራችኋል።

- «ከርነል.ፕሪንትኬ_ሬትሊሚት» የተባለው የሲስከትል ቅንብር የእናንተን ማክሮ አይነካም፤ የሚያዝዘው ያንኑ አሮጌውን የጋራ ቆጣሪ ነው። የኔትወርክ ኮዱ ደግሞ «ኔት_ሬትሊሚት» የሚባል የራሱ የጋራ ቆጣሪ አለው፤ እሱን የሚቆጣጠሩት «ኔት.ኮር.መሴጅ_ኮስት» እና «ኔት.ኮር.መሴጅ_በርስት» ናቸው። ቅንብሩን ቀይረው ምንም ሳይለወጥ ሲቀር ግራ የሚጋቡ ሰዎች አብዛኞቹ ይህን ነው ያምታቱት።

ከውጭ የሚመጣ የተበላሸ ፓኬት ዓይነት ከሆነ ደግሞ መልእክት ጨርሶ ያስፈልግ እንደሆነ ጠይቁ። በኔትወርክ ድራይቨር ውስጥ በኢትቱል የ«ኤስ» አማራጭ የሚነበብ ቆጣሪ ከሺህ መስመር ይሻላል።

## ደረጃ 5፦ መፈተሽ

1. ፓቹ በሌለበት ከርነል ላይ በሞጁል ፓራሜትሩ ስህተቱን ለ60 ሰከንድ አስነሱና መስመሮቹን ቁጠሩ። ፓቹ ባለበት ድገሙት። ሁለቱን ቁጥሮች ጻፏቸው፤ በፓቹ መግለጫ ውስጥ ይገባሉ።

2. ስህተቱን አቁሙና የመዳን መልእክቱ መውጣቱን እዩ። ከዚያ እንደገና አስነሱት፤ ሁለተኛው ብልሽት ካልታየ «ላስት_ኤር»ን ወደ 0 መመለሱን ረስታችኋል።

3. ሁለት መሣሪያ አስነሱ። አንዱ እየጮኸ እያለ ሌላውን አበላሹ። የሁለተኛው የመጀመሪያ መልእክት ካልወጣ ገደቡ አሁንም የጋራ ነው፤ ወደ 4.6 ተመለሱ።

4. የ«_ዋንስ» መልእክቶችን ደግማችሁ ለመፈተሽ ማሽኑን እንደገና ማስነሳት አያስፈልግም፦ «/ሲስ/ከርነል/ዲባግ/ክሊር_ዋርን_ዋንስ» ውስጥ 1 ጻፉ።

5. ለፍተሻ የጨመራችሁትን የሞጁል ፓራሜትርና «ዋርን_ኦን_ዋንስ» አውጡ። «ትሬስ_ፕሪንትኬ» ተጠቅማችሁ ከረሳችሁት ከርነሉ ሲነሳ ትልቅ ሰሌዳ ሠርቶ ያሳጣችኋል፤ ሌሎቹ ግን ዝም ብለው ያልፋሉ።

## ደረጃ 6፦ ፓቹን መላክ

እያንዳንዱን የድግግሞሽ ዓይነት በራሱ ፓች ለዩ። ስረዛውና የገደብ ለውጡ በአንድ ፓች ከተቀላቀሉ ገምጋሚው አንዱን ሲቃወም ሁለቱም ይቀራሉ።

በመግለጫው ላይ ሦስት ነገር ጻፉ፦ መልእክቱ በምን ሁኔታ እንደሚደጋገም፣ ከፓቹ በፊትና በኋላ የቆጠራችሁትን፣ እና ለምን ይህን መድኃኒት እንደመረጣችሁ። «ሎጉን ለመቀነስ» ብቻ ብላችሁ አትላኩ፤ ገምጋሚው «ለምን መንስኤውን አታስተካክሉም?» ብሎ ይመልሰዋል። ጥያቄው ተገቢ ነው። መንስኤው የተነቀለ ገመድ ወይም የውጭ ፓኬት ከሆነ ከኮዱ ሊስተካከል እንደማይችል እዚያው ግለጹ፤ ከድራይቨሩ ስህተት የመጣ ከሆነ ግን የስህተቱ ማረሚያ ከሎጉ ፓች ይቅደም።

ቼክፓችን በ«ስትሪክት» አማራጭ አስኪዱ፤ ተቀባዮቹን በ«ጌት_ሜንቴይነር» አውጡ። ጎርፉ ማሽኑን የሚያግት ከሆነና የትኛው ለውጥ እንዳመጣው ካወቃችሁ «ፊክስስ» የሚለውን መስመር ከዚያ ለውጥ መለያ ጋር ጨምሩ፤ ወደ ስቴብል (የተረጋጉ) ስሪቶች እንዲወርድ መጠየቅም የሚገባው ያን ጊዜ ነው። ሎጉን ከማሳመር የማያልፍ ለውጥ ከሆነ ስቴብልን ተዉት።